ክንዱና ጦሙን ያደረው ማሳ

ክንዱን እዚህ የሲማዳዋ ከተማ ወገዳ ላይ የማያውቀው የለም። «ኮምፒውተሩ» ይሉታል። ያቺን የማትለወጥ ጥቁር ጃኬቱን ለብሶ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከራሱ ጋር እያወራ ሲሄድ ያየ ሁሉ ይለየዋል። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ አውቀዋለሁ፤ ቀን አብረን እንሠራለን፣ ሲመሽ የግቢዬ ተከራይ ነው። መዓዛ እባላለሁ፣ የዩኒየኑ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ዩኒየን የምንለው የየቀበሌውን የገበሬ ማኅበር በአንድ ያሰረውን ትልቁን ማኅበር ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጀመሪያ እኔ መጋዘን ይራገፋል፤ ከዚያ ለየቀበሌው ይበተናል፤ ገበሬው እዚያው ቀበሌው መስኮት ላይ ተሰልፎ ይወስዳል።

ሰዉ አሁን ስለ ክንዱ የሚያወራውን እሰማለሁ። እናቱን ያስራበ ይሉታል። ኤዲያ! አፍ ሲከፈት የሚከፈልበት ቢሆን እንዲህ ባልተወራ ነበር። የሆነውን እኔ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን በሉት። ጠበቃም አልቆምለትም፤ እኔንም ስንት ቀን ደሜን አፍልቶታል።

እናቱ እትዬ ሐረገ ወይን ይባላሉ። ከወገዳ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ቀበሌ ናቸው። ባላቸው የሞቱት ክንዱ ገና ሲድህ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ቢርባትም አትጨብጥም። ባል የሞተባት ሴት መሬት ካላት፣ በሬ ላለው ሰው ለእኩል ትሰጣለች። እሱ በበሬውና በጉልበቱ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ባልቴት ብቻ አይደለችም እንዲህ የምታደርገው፤ አቅመ ደካማውም፣ ተማሪ ሲያስቀጽሉ፣ ዜማ ሲያስጠኑ የሚውሉት መሪጌታም መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ። የእትዬ ሐረገ ወይንን ማሳ የሚያርሰው እንየው የሚባል ጎረቤታቸው ነው። ክንዱ ያደገው ከዚያ ማሳ በወጣ ስንዴና ገብስ ነው፤ ትምህርት ቤት የሄደበት ልብስም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ስንቅም ከዚያ ነው የወጣው።

እሳቸው ከዚያች ማሳ ሌላ ምንም የላቸውም። በሬ የለ፣ ወንድም የለ፣ ሌላ ልጅ የለ። እንየው ደግሞ ክፉ ሰው ባይሆንም ቃሉ አንድ ነው፤ ማዳበሪያውና ዘሩ በሰዓቱ ከደረሰልኝ አርሳለሁ፣ ካልደረሰልኝ በሬዎቼን በባዶ አላደክምም ይላል። እና እንየው የተዋቸው ዓመት እትዬ ሐረገ ወይን አለቀላቸው ማለት ነው። ይህንን ክንዱ ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቀዋል፣ በልቶ ያደገበት ነገር ነው።

ተመርቆ ሲመጣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቢሻው ወዲያው ቀጠረው። ያን ጊዜ እደላው ሁሉ በወረቀት ነበር። በየቀበሌው መስኮት የሚቀመጠው ጸሐፊ ሰዉን በመልኩ ስለሚያውቅ፣ እንየው ሲመጣ «ይሄ የራስህ፣ ይሄ የሐረገ ወይን» ብሎ ጽፎ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ችግሩ ነጋዴው ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ በዚህም ስም በዚያም ስም ይወስድና ገበያ ላይ ይቸበችበዋል። አቶ ቢሻው በዚህ ነገር ተቃጥሎ ክንዱን ጠራና «ማንም ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ አድርገህ ሲስተም ሥራልኝ» አለው። ክንዱም «ችግር የለም» ብሎ ቁጭ አለ፣ ሠራ።

እኔ ስለ ኮምፒውተር ከመክፈትና ከመዝጋት የዘለለ አላውቅም። ግን ይሄ ልጅ እራት ላይ ሳይቀር ስለ ቋንቋ ሲያወራ ጆሮዬ ሰልችቶታል። ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ አለው አሉ፤ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው አሉ። እሱ ያን ጊዜ የጻፈበት ፒኤችፒ የሚባል ነው። ገና ከጅምሩ ያፍርበት ነበር።

«እትዬ መዓዛ፣ ይሄ እኮ የድሮ ቋንቋ ነው። ሰው ይስቅብኛል» ይለኛል።

«ማን ነው የሚስቅብህ? ሲማዳ ላይ ፒኤችፒ ይበላ ይጠጣ እንደሆነ የሚያውቅ ማን አለና?»

ስልኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው የሚስቁበት። አይቷቸው የማያውቅ፣ እነሱም ወገዳን በካርታ የማያገኟት። በእነሱ ፊት ማፈሩ ነበር የሚያቃጥለኝ።

ካቻምና ሰኔ ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። ዝናቡ ጥሏል፣ ገበሬው ከመስኮቱ ሥር ተሰልፏል። ሲስተሙ አንዳንዴ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴ ኔትወርክ የለም ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በቀይ ቀለም «አይፈቀድም» ብሎ ቁጭ ይላል። ከየቀበሌው ስልክ በስልክ ላይ ነው። «ሲስተሙ እምቢ አለ!» ይላሉ። ክንዱም «እሺ፣ አየዋለሁ» ይልና ላፕቶፑ ላይ ይደፋል። ማንን ነው እምቢ ያለው? ለምን ነው እምቢ ያለው? አንዱን ስልክ ይዞ እንዲህ ብሎ የጠየቀበትን ቀን አላስታውስም። መንቀራፈፉንም፣ ኔትወርኩንም፣ ቀዩንም «አይፈቀድም» አንድ ላይ ጠቅልሎ ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ነው አለ።

ሐምሌ እየገፋ ሲሄድ አቶ ቢሻው ጨነቀውና «በወረቀት ስጡ በቃ!» አለ። ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም ተሰጠ። እንየው እየተነጫነጨ የእትዬ ሐረገ ወይንን ማሳ ዘራው። ስንዴው ዘግይቶ በመዘራቱ ጥቅምት ላይ ፍሬ ሳይቋጥር ውርጭ አገኘው፣ ግማሹ ገለባ ሆነ። የቀረችው ግን እንደምንም ዓመቱን ገፋችላቸው።

ክረምቱ እንዳለፈ ክንዱ አቶ ቢሻው ቢሮ ገባ። እኔም ለራሴ ጉዳይ እዚያው ነበርኩ።

«ችግሩ ቋንቋው ነው፣ አቶ ቢሻው። አርጅቷል። በእሱ የተሠራ ነገር ከዚህ በላይ አይሄድም» አለ።

«እና ምን ይሻላል?»

«እንደገና በፓይዘን ልጻፈው። ዓለም ሁሉ አሁን በእሱ ነው የሚሠራው።»

አቶ ቢሻው «ዓለም ሁሉ» ሲባል ወንበሩ ላይ ተቃና። «እንግዲያው ዘመናዊውን አምጣልን!» አለ። ያን ቀን ማታ ክንዱ ፓይዘን ማለት ዘንዶ ነው ሲለኝ «በስመ አብ! አይጡ አንሶኝ ዘንዶ መጋዘኔ ልታስገባብኝ ነው?» ብዬው እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ እንዲያ የሳቅንበትን ቀን አላውቅም።

ዓመቱን ሙሉ ልክ ቤተ ልሔም ዜማ ቤት እንዳለ የድጓ ተማሪ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይውላል፣ ያነበንባል። ምግብ ይረሳል። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አይካድም፣ ያንን ቋንቋ ጠጣው። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? አሮጌውን ሥራ ጎኑ ከፍቶ አስቀመጠና መስመር በመስመር ወደ አዲሱ ቋንቋ ገለበጠው። ይህንን እሱ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ፣ አንዲት ቀን፣ የአንድ ቀበሌ መስኮት ሥር ሄዶ አልቆመም። ጸሐፊ አልጠየቀም። እንየውንም አልጠየቀም። አሁን ሳስበው አንጀቴ እርር ይላል።

እትዬ ሐረገ ወይን ለጥምቀት መጥተው ነበር፤ በሶ ቋጥረው። የእሱ ክፍል በር ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ሲያዩት ይውላሉ፤ እንዳይረብሹት አይናገሩም።

«ለመኪናው አዲስ ቋንቋ እያስተማረው ነው አሉኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኮምፒውተሩን መኪናው ነው የሚሉት።

«አዎ፣ እሱን ነው የያዘው።»

«ታዲያ ቋንቋውን ሲችል ሁሉንም ሰው ይለያል ማለት ነው?»

«ይለያል ይላል ልጅዎ።»

«እሰይ፣ እሰይ። እመቤቴ ትርዳው» አሉ። ለካ ያን ጊዜ ስለ ራሳቸው ነው የሚጠይቁት። እኔ ምን አውቄ! ቀበሌያቸው ላይ ቅዳሴ በወጣ ቁጥር ለሴቶቹ «ሲስተሙን የሠራው ልጄ ነው» እያሉ ሲያወሩ እንደኖሩም የሰማሁት በኋላ ነው።

አምና ሰኔ አዲሱ ሲስተም ወጣ። አቤት ማማሩ! አቤት ፍጥነቱ! ስሙን ስትጽፍለት ዓይንህን ሳታርገበግብ መልስ ይሰጣል። አረንጓዴ ከሆነ ውሰድ ነው፣ ቀይ ከሆነ ሂድ ነው። አቶ ቢሻውም «ወረቀት የሚባል ነገር በዓይኔ እንዳላይ!» ብሎ ለየቀበሌው አስጠነቀቀ። ስልኩ ጸጥ አለ። ካቻምና ሲጮኽ የነበረው ጸሐፊ ሁሉ አምና አልጮኸም፤ ማሽኑ ሳይንቀራፈፍ፣ ሳይደናቀፍ ጥርት አድርጎ «አይፈቀድም» ሲል ማን ይከራከረዋል? አጭበርባሪ ነው ማለት ነው ብለው አመኑት። እኔም ጸጥታው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ክንዱ ሐምሌ ላይ እኔ ፊት ለእናቱ ደወለ።

«እማ፣ ማዳበሪያው ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ ልጄ፣ ተመስገን።»

«መስኮቱ ላይ ችግር አልነበረም?»

«ምን ችግር አለ? ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ!»

ስልኩን ዘጋና እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

ነሐሴ ላይ መኪኖቹ ከየቀበሌው ተመለሱ። ባዶ ይመጣሉ ስል ከረጢት ጭነው መጡ። ያልተወሰደ ማዳበሪያ፣ ያልተወሰደ ምርጥ ዘር። መጋዘኔ እስከ ጣራው ሞላ። ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ በሚያለቅስበት አገር ይሄ ሁሉ ከየት ተረፈ? ወይ ጉድ ብዬ አቶ ቢሻውን ጠየቅሁት።

«አልገባሽም እንዴ መዓዛ? ሌባው ተያዘ! ይሄ ሁሉ ድሮ የሚሰረቀው ነው» አለኝ እጁን እያፋተገ። ስብሰባ ጠራ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ ለክንዱ የምስክር ወረቀት ሰጠው፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ጣራዬ ያፈሳል፤ ከላይ ያለው ከረጢት ዝናብ ጠጥቶ ጠጠረ፣ በድጅኖ የማይፈረካከስ ድንጋይ ሆነ። ያንን እያየሁ ነው መስከረምን የተቀበልኩት።

ኅዳር ላይ አቶ ቢሻው «እስቴ ሄዳችሁ ልምድ አካፍሉ» አለንና ክንዱና እኔ በዩኒየኑ መኪና ወደ እስቴ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ ሄድን። የእነሱም ዩኒየን እንደኛው ሲስተም አለው። የሠራችው ልዕልት የምትባል አጭር፣ ሳቅ የማታበዛ ልጅ ናት። ክንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲያሳይ ከጎኑ ቆማ አንድ ቃል ሳትናገር አየችው። እሱ ደግሞ ፓይዘን እንዲህ ነው፣ ፓይዘን እንዲያ ነው እያለ ይዘረዝራል። ሲጨርስ በጨዋ ደንብ ጠየቃት።

«አንቺስ በምን ጻፍሽው?»

«በፒኤችፒ።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የምርሽን ነው? ማዳበሪያ ተመላሽ አልሆነባችሁም?»

«የምን ተመላሽ? እንዲያውም አንሶን ለመንን። ካንተ ግን አንድ ነገር ልማር ፈልጌ ነበር» አለች፣ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብላ። «የእኩል አራሾቹን እንዴት አደረግሃቸው? እኔን በጣም ነው ያስቸገሩኝ።»

ክንዱ ከላፕቶፑ ቀና አለ።

«እንዴት ማለት?»

«የራሱ መሬት አለው፣ የባልቴቲቱንም ያርሳል። ለሁለቱም መውሰድ አለበት። ያንተ ምን ይላል?»

ክንዱ የሆነ ስም ጻፈ። ለአንዱ መሬት አረንጓዴ መጣ። ለሁለተኛው ቀይ። እኔም ከኋላው ቆሜ አነበብኩት፤ «አይፈቀድም። ይህ አራሽ ቀደም ብሎ ወስዷል» ይላል።

«እሺ ባለመሬቷ ራሷ ብትመጣስ?» አለች ልዕልት።

ጣቱ እየከበደው ጻፈ። ቀይ። «አይፈቀድም። የዚህ መሬት አራሽ ሌላ ሰው ነው።»

«እና ማን ይውሰድላት?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ማንም ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ ሲባል፣ አንድ ሰው የሚያርሰው አንድ መሬት ነው፣ የሚወስደውም አራሹ ብቻ ነው ብሎ ነው የጻፈው። በፒኤችፒም እንዲያ ጻፈው፣ በፓይዘንም እንዲያው ገለበጠው። መጋዘኔን የሞላው ከረጢት የሌባ አልነበረም ለካ። የባልቴቱና የአቅመ ደካማው፣ የመሪጌታው ነው።

«እኔ ቋንቋው መስሎኝ...» አለ። አልጨረሰውም።

«በግዕዝም ብትጽፈው ያው ነበር» አለች ልዕልት፤ ግን የድል አነጋገር አልነበረም፣ ያዘነች ትመስላለች። «እኔም መጀመሪያ እንዳንተው ነበር የጻፍኩት። ደግነቱ ሥራ የጀመረ ዕለት መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ አንድ ቄስ እምቢ ሲላቸው ሰው ፊት አዋረዱኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮት ሥር ሳልውል አልጽፍም።»

ክንዱ የሰማት አልመሰለኝም። ስልኩን አውጥቶ ወደ እናቱ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። «እትዬ፣ እንሂድ» አለኝ። ምሳ አዘጋጅተውልን ነበር፣ ትተነው ወጣን።

መንገዱን ሙሉ የእናቱን ስልክ ደጋግሞ ይሞክራል። «አምና ጠይቄያታለሁ እኮ፣ ደረሰኝ ብላኛለች» አለ መሃል ላይ። እኔም «እንግዲያው ደርሷቸው ይሆናል» አልኩት፣ ሳላምንበት።

ቀበሌያቸው ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኅዳር ነው፣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ የታጨደውም ታጭዶ በክምር በክምር ቆሟል። ከመሃል አንዲት ማሳ አለች አረንጓዴ፤ አረም ወገብ ድረስ በቅሎባታል፣ የሰው ጥጆች ተለቀውባታል። ጦሟን አድራለች። ክንዱ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ያወቃት።

እንየው ከጎን ካለው ማሳው ማጭዱን ይዞ መጣ። ሰላምታም አልሰጠም።

«እንየው፣ ምነው?» አለው ክንዱ።

«እኔን ነው ምነው የምትለኝ? ስንቴ ተመላለስኩ! ለራሴ ሰጠኝ። የእናትህን ስል ወስደሃል ይለኛል፣ ያ ቀይህ። ቆሜ ብከራከር ሰልፉ ሁሉ ሌባ አለኝ። በሽምግልናዬ፣ በልጆቼ ፊት ሌባ አስባልከኝ!»

«ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?»

«እሷ በጊዮርጊስ ይዛኝ ነዋ! ልጄ ጆሮ እንዳይደርስ ብላ አስማለችኝ። በሬዎቼን ወደ ሌላ ሰው መሬት አዞርኩ። ምን ላድርግ፣ እኔም የሚበሉ ልጆች አሉኝ።» ፊቱን አዞረ።

እትዬ ሐረገ ወይን ከቤት ወጡ። ለጥምቀት ያየኋቸው ሴትዮ አይደሉም፤ ጉንጫቸው ገብቷል፣ ቀሚሱ ሰፍቷቸዋል። «ክንድዬ!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ከዚያ ዓይኑ ማሳው ላይ መሆኑን አዩና ለቀቁት።

«እማ፣ ደረሰኝ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ ልጄ? ራሴ ሄጄ ተሰልፌ ነበር። ጸሐፊው ጻፈ፣ ቀይ መጣ። ሴቶቹ ከኋላዬ ናቸው፤ ልጄ ነው የሠራው ስላቸው ነው የኖርኩት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁና ወጣሁ። የልጇ መኪና እናቱን እምቢ አለ ቢባልስ? አለቃህ ሰምቶ ከሥራ ቢያስወጣህስ?»

«እኔ እኮ አስተካክለው ነበር! አንድ ቃል ብትነግሪኝ!»

«ካቻምና እምቢ ሲለኝ አዲሱን ቋንቋ ሲጨርስ ያውቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጨረስኩ አልክ። እምቢ ሲለኝ ጊዜ፣ እንግዲህ ሕጉ ነው ማለት ነው አልኩ። ያንተን ሕግ እኔ እንዴት ላፍርስ?»

እኔ አልቻልኩም። አልቅሼም ጮኼም አላውቅም እንደዚያን ቀን። «አንተ ልጅ፣ በእኩል አይደለም እንዴ ያደግኸው? ይሄ መሬት በማን በሬ እንደሚታረስ አታውቅም ነበር? ስልክ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዳይስቁብህ ስትል እናትህን ረሳሃት!» አልኩት። እትዬ ሐረገ ወይን እጄን ይዘው «በሞቴ መዓዛ፣ ተይው፣ ተይው» ይሉኛል። እሱ ማሳው ድንበር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

«አሁንም አልረፈደም» አለ ቀና ብሎ። «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። ለሚመጣው ክረምት እንየው...»

እንየው መሬት መሬቱን አየ። የተናገሩት እትዬ ሐረገ ወይን ናቸው።

«መስከረም ላይ ጎታው ባዶ ሆነብኝ። መሬቱን ለነጋዴ በኮንትራት ሰጠሁት። እህል አመጣልኝ፣ ፈረምኩለት። ረጅም ዓመት ነው ያለው፤ የሚመለስበትን እኔ አላየውም።»

ያን ቀን ይዘናቸው ወገዳ ገባን። ቤታቸውን ሲቆልፉ ቁልፉን ለእንየው ነው የሰጡት፤ እሱም ተቀብሎ መቀነታቸው ላይ መልሶ ቋጠረላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ክንዱ ላፕቶፑን ከፈተ። ዓመት ሙሉ ሲጽፍ ስላየሁት አሁንም ዓመት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ገና ቁርሳችንን ሳንጨርስ «አለቀ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ማስተካከያው። ማን እንደሚወስድ ሳይሆን ለየትኛው መሬት እንደሚወሰድ እንዲያይ አደረግሁት። ጥቂት መስመር ናት።»

«ሌላ ቋንቋ መማር አላስፈለገህም?»

«አላስፈለገኝም እትዬ። በአሮጌውም ይቻል ነበር።» ይህን ሲለኝ ፊቴን አላየም።

ቢሮ ገብቶም ለአቶ ቢሻው ሁሉንም ነገረው። የተመለሰው ማዳበሪያ የሌባ አልነበረም፣ የደካሞቹ ነው አለው። አቶ ቢሻው በሩን ዘጋና «ሪፖርቱ እኮ ሄዷል ክንዱ። አሁን ምን ብለን እንመልሰዋለን? ዝም ብለህ አስተካክለው» አለው። ያ ሪፖርት እስከ ዛሬ እንደተጻፈ ነው። ድንጋይ የሆነውም ከረጢት እስከ ዛሬ መጋዘኔ ውስጥ ነው። እደላው ገና ክረምት ነው፤ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ ይዞራል፤ ከመስኮት ጸሐፊው ጋር ይቀመጣል፣ ማን ለማን እንደሚያርስ ይጠይቃል። አንዳንዱ ያስረዳዋል፣ አንዳንዱ ይሰድበዋል፤ ሁለቱንም ቆሞ ይሰማል።

እትዬ ሐረገ ወይን እሱ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሌላ መሄጃ የላቸውም። የገበሬ ሴት ሥራ ስታጣ ምን እንደምትሆን አላየሁም ነበር። ያልቆሸሸ ግቢ ይጠርጋሉ፣ የጠረጉትን መልሰው ይጠርጋሉ።

አንድ ቀን ክንዱ ጠራቸው። «እማ፣ ነይ እዪ» አለና ላፕቶፑ ፊት አስቀመጣቸው። እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ስማቸውን ጻፈ፣ የማሳውን ቁጥር ጻፈ። አረንጓዴ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉት። ማንበብ አይችሉም።

«ይፈቀዳል ይላል።»

«ለእኔ?»

«አዎ እማ፣ ላንቺ።»

አረንጓዴውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ እንዲያ ሲሆኑ ካየኋቸው ቆይቷል። «እሰይ ልጄ! እሰይ! በል ለእንየው ደውልለት፣ ለክረምቱ በሬዎቹን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ፤ ማሳዬን ቶሎ...»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ከአረንጓዴው ላይ ወረደ።

«ውይ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ሰጥቼዋለሁ።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ክንዱ ላፕቶፑን ከደነው፤ እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ።